ለኤሌክትሪክ መኪናዬ ሞላ ስመርጥ፦ ከመስቀል እስከ መስቀል

ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። በ2017 የመስቀል ዋዜማ ቡታጅራን አልፈን፣ እናቴ ወዳለችበት መንደር የሚያስገባውን ኮሮኮንች ይዘን ስንጓዝ፣ የክረምት ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ላይ ከወለሉ ሥር «ክርርርር» አለ። ከኋላ የተቀመጠችው አክስቴ «ምን ተቀደደ?» ብላ እግሯን ወደ ላይ ሰበሰበች። ወርጄ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ በስልክ መብራት ሥሯን አየሁ። የባትሪው መያዣ ላይ ከክንድ የሚረዝም አዲስ ጭረት ተጋድሟል። ቀለሙ ተልጦ አሉሚኒየሙ ያብረቀርቃል።

የቤንዚን መኪና ስነዳ ማርሚታ ያልጫርኩበት ክረምት አልነበረም። ማርሚታ ቢቀደድ ብየዳ ቤት ይወሰዳል፤ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ሆድ ግን ባትሪ ነው። ከዋጋዋ ትልቁ ድርሻ ከእግራችሁ ሥር ተነጥፎ ነው የሚሄደው። ያን ምሽት ሰው ሁሉ ደመራውን ከቦ ሲጨፍር እኔ ጥግ ይዤ ስልኬ ላይ መኪና ከፍ ስለሚያደርግ ሞላ እፈልግ ነበር።

መንግሥት በጥር 2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ እንደ እኔ ሳያስበው የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት የሆነው ሰው ብዙ ነው። መኪኖቹ የተሠሩት ለለስላሳ አስፋልት ነው፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ኮብልስቶን ላይ ነው። ስለዚህ «ሞላዋን ልለውጥ ወይ? ማንሻ ላስገባ ወይ?» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። እኔ መልሱን ያገኘሁት የሚጣል ዕቃ ከገዛሁ፣ አንድ ጥንድ ጎማም በከንቱ ካስበላሁ በኋላ ነው።

መኪናዬ የቻይና ስሪት ናት፤ ስሟን የማልጠራው የምነግራችሁ በዚህ ክብደት ላለች ለማንኛዋም ስለሚሠራ ነው። ባዶዋን 1,750 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። የምትነዳው በፊት ጎማ ነው። ከፊት ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከቦ ይቀመጣል፤ ከኋላ ግን ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ለየብቻ ናቸው፣ መንኮራኩሩንም ብዙ ክንዶች ይይዙታል። ከሁሉ አስቀድማችሁ የናንተን መኪና ሥር አይታችሁ ይህን ለዩ። በስም አንድ የሆኑ መኪኖች እንኳ ይለያያሉ። ለምሳሌ ቢዋይዲ ዶልፊን እንደ ደረጃዋ አንዳንዷ ከኋላ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ ምሰሶ አላት፤ ሌላዋ እንደ እኔዋ ባለ ብዙ ክንድ ናት። ለአንዷ የተሠራ ዕቃ ለሌላዋ አይሆንም።

መጀመሪያ ያማከርኩት ቨርጂኒያ የሚኖረውን የአጎቴን ልጅ ነው። ቴስላ ሞዴል 3 አለው፤ ሞላም ለውጧል። «እኔ የገዛሁበትን ቤት ልላክልህ፣ ምርጥ ነው» አለኝ። የላከልኝን ገጽ ከፍቼ፣ የመኪናዬን ዓይነት መርጬ፣ ልከፍል ካርድ ካወጣሁ በኋላ ነው ከቁጥሩ ፊት የተቀመጠችውን የመቀነስ ምልክት ያየሁት። 25 ሚሊሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ነበር። ደወልኩለት። «ታዲያ! ዝቅ ስትል እኮ ነፋሱን ትቆርጣለች፣ አንድ ቻርጅ ረጅም መንገድ ያስኬድሃል» አለኝ። እሱ መኪናውን ወደ መሬት ለማስጠጋት ይከፍላል፣ እኔ ከመሬት ለማራቅ! ለኤሌክትሪክ መኪና ተብለው በየድረ ገጹ የሚሸጡት የሞላ ስብስቦች አብዛኞቹ እንደ እሱ ላሉ ሰዎች የተሠሩ ናቸውና ምልክቷን ሳታዩ አትክፈሉ።

ከዚያ ወደ ቀላሉ መንገድ ሄድኩ። አንድ ጋራዥ 30 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው የጠንካራ ፕላስቲክ ማንሻ ቀለበቶች አራቱም ጋ አስገባልኝ። ዋጋው 14 ሺህ ብር፣ ጊዜው ግማሽ ቀን። ስወጣ መኪናዋ ቁመና አግኝታለች። ጎረቤቴ «አዲስ ገዛህ እንዴ?» አለኝ። ኩራቴ ሁለት ሳምንት ቆየ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስወጣ ደህና ነው፣ ስወርድ ግን ከኋላ «ጓ!» ይላል፤ በመዶሻ የተመታ ብረት ይመስላል። የሞተር ጩኸት በሌለበት መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ችላ ሊባል አይችልም። ቀጥሎ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ከቆምኩበት ስነሳ የፊት ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ፣ ጎሚስታው የፊት ጎማዎቼን ፈትቶ ውስጠኛውን ጠርዝ አሳየኝ። በውጭ በኩል አዲስ፣ በውስጥ በኩል ክሩ ሊወጣ የደረሰ። ማንሻውን ወዳስገባው ጋራዥ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና «ትለምደዋለች» አለኝ።

መኪና እንደማይለምድ ያስረዱኝ ሳሪስ አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ ያላቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ብቻ ብሎ የሚጠራቸው መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በናፍጣ መኪና ላይ ነው። የኤሌክትሪኩን ክፍል አይነኩም፤ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ሽቦ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ወደ ኋላ ይሰበስባሉ። ሞላና ሾክ አብዞርበር ግን ያው ሞላና ሾክ አብዞርበር ነው። ችግሬን ዘርዝሬ ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ከፍ እንድትልልህ የምትፈልገው ባዶዋ ነች ወይስ የተጫነችዋ?»

መልስ አጣሁ። የጫርኳት ተጭና ሳለች ነው። የለካኋት ግን ባዶዋን ነበር።

ጋሼ ማንሻዎቹን አስወጡና ወደ ልኬት ገቡ። ከመሬት አልለኩም፤ የጎማ ንፋስ ሲለዋወጥ ልኬቱም ይለዋወጣል። የለኩት ከመንኮራኩሩ መሀል ቀጥ ብለው እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ነው። የኋላው ባዶዋን 392 ሚሊሜትር ሆነ። ከዚያ አራት የጋራዡን ልጆች ጠሩ፤ አንዱ እጁ ላይ ያለውን ቅባት እንኳ ሳይጠርግ ገባ። እኔ መሪው ላይ፣ እነሱ በየወንበሩ፣ የኋላውን ኮፈን የሚሞላ ዕቃም ተጫነ። ጋሼ ሜትሩን ይዘው ተንበረከኩ። 344። ኋላዋ 48 ሚሊሜትር ሰምጧል። ፊቷ የሰመጠው 15 ብቻ ነው።

ቀጥለው ከኪሳቸው ሽቦ የሚታሰርባትን ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አወጡና በኋላው ሾክ አብዞርበር ዘንግ ላይ አጥብቀው አሰሯት፤ ትርፍ ጫፏን ቆርጠው ወደ ታች ገፏት። «አሁን ልጆቹን ይዘህ በኮብልስቶኑ ዞረህ ተመለስ።» ዞርኩ። ስመለስ ማሰሪያዋ ዘንጉ መጨረሻ ላይ ካለችው የስፖንጅ ትራስ ጋር ተጣብቃ ተገኘች። ይህ ማለት ሾክ አብዞርበሩ ያለውን መንገድ ሁሉ ጨርሶ ትራሱን እየደበደበ ነው። ብልሃቷ የምትፈጀው አንዲት ማሰሪያ ነው፤ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሯት። ማሰሪያዋ መሀል ላይ ከቀረች ችግራችሁ የሞላ አይደለም።

ያ «ጓ» የሚለው ድምፅም ተገለጠልኝ። ከኋላ ሞላዬ ሥር የገባው ቀለበት ገላዋን ወደ ላይ ገፋ፤ ሾክ አብዞርበሩ ግን ቁመቱ ያው ነው። ስለዚህ መኪናዋ ቆማ ሳለች እንኳ ተለጥጦ ይጠብቃል። ጎማው ከጉብታው ሲወርድ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌለው ጫፉ ላይ ደርሶ ይመታል። የፊቱ መንቀጥቀጥ ደግሞ ከሞተሩ ወደ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ከተሠራለት ማዕዘን በላይ ስለተጋደመ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከቆመበት ጀምሮ ስለሚሰጥ፣ የቤንዚን መኪና ላይ ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችለው ጥፋት እዚህ ገና ከመነሻው ይሰማል። ጎማውን የበላው አላይመንት ነው፤ ከፍታ ሲለወጥ የጎማው አቋም አብሮ ይለወጣል፣ እኔም ማንሻ ካስገባሁ በኋላ አላይመንት አላሠራሁም። ይህ ጥፋት የጋራዡም የእኔም ነው።

ጋሼ በሩን ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አስነበቡኝ። መኪናዋ ከነጭነቷ ከ2,160 ኪሎ ግራም ማለፍ የለባትም። ከዚያ ላይ 1,750 ሲቀነስ የሚተርፈው 410 ነው። መስቀል ላይ አምስት ትልልቅ ሰዎች 350 ኪሎ ያህል፣ ስኳሩ፣ ቡናው፣ ጋቢው፣ ለእናቴ የገዛሁት የውኃ በርሜል ተደምሮ ሌላ 90። ሕጋዊ ጭነቷን 30 ኪሎ አልፌ ነበር። «እና ጠንካራ ሞላ ቢገባ?» አልኳቸው። «ፍሬኗስ? ጎማዋስ? ኩሽኔታዋስ? እነሱንም ሞላው ይሸከምልሃል?» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ።

ቀጥዬ የለወጥኩት ጎማና ቸርኬ ነው፤ ደግሜ ብጀምር ከዚሁ እጀምራለሁ። የመጣችበት ጎማ 215/55 ባለ 18 ነበር። የጎማው ግድግዳ ቁመት የ215 ሃምሳ አምስት በመቶ ነው፣ ማለትም 118 ሚሊሜትር። ወደ 215/60 ባለ 17 ስወርድ ግድግዳው 129 ሆነ። አጠቃላይ የጎማው ቁመት ግን በ4 ሚሊሜትር ብቻ ይለያያል፤ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም። 11 ሚሊሜትር ተጨማሪ ጎማና አየር ከኮብልስቶኑና ከወገቤ መሀል ገባ ማለት ነው። ቸርኬው ከፍሬኑ ጋር እንደማይነካካ ሳትሞክሩ ግን እንዳትገዙ። ጎማው ላይ ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈውንም ቁጥር እዩ፤ 94 ማለት አንዱ ጎማ 670 ኪሎ፣ 98 ማለት 750 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ስለሆነች ከፋብሪካ ከመጣው ቁጥር ዝቅ ያለ አይግባባት።

ንፋሱም እንዲሁ። የሰፈሬ ጎሚስታ «ከባድ ናት» እያለ 45 ፒኤስአይ ይሞላልኝ ነበር። ሰሌዳው የሚለው 36 ነው። ወደ 36 ባወረድኩ ዕለት ባለቤቴ ምን እንዳስገባሁ ጠየቀችኝ። ምንም አላስገባሁም፣ አስወጣሁ እንጂ። ልካችሁ የምትሞሉት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ሙቀት በአምስት ስድስት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንፋሱ በአንድ ያህል ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ብርድ ተነስታችሁ አዋሽ ስትደርሱ ሦስት አራት ጨምሮ ብታገኙት አትደንግጡ፣ አታስተንፍሱትም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢቆም ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ። ባለትዳሮች ብቻ ሆናችሁ ከአያት መገናኛ የምትመላለሱ ከሆነ ሞላ ለመለወጥ ምክንያት አይታየኝም። እኔ ግን ቤተሰብ ጭኜ ኮሮኮንች እገባለሁ፤ ማሰሪያዋም ፈርዳብኛለች።

ሶማሌ ተራ ሄጄ አንድ ነጋዴ በቁመት ከመኪናዬ ጋር የሚመሳሰል የቤንዚን መኪና ሞላ አወጣልኝ። «ልክ ናት፣ ትገባለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ትገባለች። ነገር ግን ያቺ የቤንዚን መኪና ከእኔዋ በሦስት መቶ ኪሎ ገደማ ትቀላለች። ለቀላል መኪና የተሠራ ሞላ በከባድ መኪና ሥር ሲገባ ገና ሰው ሳይሳፈር ይሰምጣል። የአንድ መኪና ዓይነት ራሱ በሁለት የባትሪ መጠን ሊመጣ ይችላል፤ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ለምሳሌ 49.92 እና 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያላቸው አሏት። ክብደታቸው ስለማይመሳሰል ሞላቸውም ሊለያይ ይችላል። ስታዝዙ የመኪናዋን ስም ብቻ ሳይሆን የባትሪዋን መጠንና የሻንሲ ቁጥሯን ስጡ። ሻጩ «አንድ ነው፣ ሁሉም ይገባል» ካላችሁ ከዚያ ቤት ውጡ።

ክር ያለውና እንደ ቡሎን እየተሽከረከረ ከፍና ዝቅ የሚለው ስብስብም ቀርቦልኝ ነበር። ያማረ ዕቃ ነው። አቧራና ጭቃ ክሩ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ግን የሚያላቅቀው አይገኝም፤ አብዛኛውም የተሠራው ለማውረድ ነው። ሌላ ጓደኛዬ ከኋላ ሞላ ውስጥ የሚገባ የጎማ ፊኛ አስገባ። በብስክሌት ፓምፕ ይነፋዋል፣ ጭነቱ ሲራገፍ ያስተነፍሰዋል። ሞላና ሾክ አብዞርበሩ ለየብቻ ለሆነላት መኪና፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ ለሚጭን ሰው፣ ከእኔም ምርጫ ሳይሻል አይቀርም። እኔን ያስፈራኝ ፊኛውን ለማስገባት ከሞላው ውስጥ የመከላከያ ትራሱን ማውጣት ግድ ስለሚሆን ነው፤ ፊኛው ቢቀደድ ከብረት ጋር ቀጥታ ነው።

የመረጥኩት ይህን ነው። ከኋላ ከፋብሪካው በሃያ በመቶ የሚጠነክርና ባዶዋን 20 ሚሊሜትር የሚያነሳ ሞላ። ከፊት ጥንካሬው ያው ሆኖ 15 ሚሊሜትር የሚያነሳ። ከዚያ በላይ አልሄድኩም፤ የፊት ዘንጎቹ ማዕዘን ምን እንደሚያደርግ በ30 አይቻለሁ። ሰውነቷን ጥግ ላይ እንዳትጋደል የሚይዘውን ዘንግ አልነካሁም። ባትሪው ታች ስለሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ድሮውንም ብዙ አትጋደልም፤ እሱን ማጠንከር ኮብልስቶን ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝን ብቻ ያተርፋል።

ሾክ አብዞርበሩን አብሬ ለወጥኩ። ገንዘብ ለመቆጠብ ሞላውን ብቻ የሚለውጡ አሉ። ሞላ የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይወረውራል፤ የሚያስታግሰው ሾክ አብዞርበሩ ነው። ጠንካራ ሞላ በደከመ ሾክ አብዞርበር ላይ ሲገባ መኪናዋ ከጉብታ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ እንደ ጀልባ ትነሳለች ትወድቃለች። ዓይነቱ ላይ ሁለት ሳምንት አስቤያለሁ። ቢልስታይን የሚታወቅበት ባለ አንድ ቱቦ ሙቀት ይችላል፤ ረጅም ኮሮኮንች ላይ አይደክምም። ነገር ግን ፒስተኑ የሚንሸራተተው በውጭኛው ግድግዳ ላይ ነው፣ ጠጠር ዘሎ ቢያጎደጉደው ሊቀረቅር ይችላል። ባለ ሁለት ቱቦው ቶሎ ይሞቃል እንጂ ውጭው ቢጎደጎድ ውስጡ ይሠራል። የእኔ ኮሮኮንች ከሃያ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ባለ ሁለት ቱቦ፣ ጋዝ የተሞላ ወሰድኩ።

ዱባይ ያለ ጓደኛዬ ገዝቶ በካርጎ ላከልኝ። ከነቀረጡ ወደ 95 ሺህ ብር ወጣብኝ። ይህንኑ ዕቃ ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት ባመጣው ኖሮ እያልኩ አንድ ሁለት ቀን ተብሰለሰልኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

ገጠማው ላይ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ቁሙ። በመጀመሪያ ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ አሳዩ፤ የባትሪው መያዣ ላይ ክሪክ የሚያሳርፍ ሰው ካያችሁ ጩኹ። ሁለተኛው ነገር ብዙ ጋራዥ የማያውቀው ነው። ክንዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች አይሽከረከሩም፤ ከብረቱ ጋር ተጣብቀው የሚጠመዘዙ ጎማዎች ናቸው። መኪናዋ ተነስታ ጎማዋ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ካጠበቃችሁት፣ መሬት ስታርፍ ጎሚኒው ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ በጥቂት ወራት ይሰነጠቃል። የእኔዎቹ ሁለቱ ተሰንጥቀው ተገኝተዋል፤ ማንሻውን ያስገባው ጋራዥ በአየር ላይ ነበር ያጠበቀው።

ጋሼ ቡሎኖቹን ሁሉ ለጊዜው በጣት አስያዙና በየጎማው ሥር ሁለት ሁለት ጣውላ ደርድረው መኪናዋን አሳረፏት። ሁለት ልጆች ከኋላ ተቀመጡ። ፓራፋንጎውን ተጭነው ሦስቴ አወዛወዟትና በቦታዋ ስትቀመጥ በጀርባቸው ተንሸራተው ገቡ። ከሥር የሚሰማው የማጥበቂያው ቁልፍ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ብቻ ነው፤ ልኩ ላይ ሲደርስ የሚጮኽ ቁልፍ አላቸው፣ ለማንም አያውሱትም። ከአስራ ምናምን «ቀጭ» በኋላ ወጥተው «አሁን ያንተ ነች» አሉኝ።

በማግስቱ አላይመንት፤ ከዚያ መሀል መስመር የምትጠብቀው ካሜራ እንደገና እንድትስተካከል አደረግኩ፣ ከፍታዋ ስለተለወጠ የምታየውም ይለወጣል። የፊት መብራቱንም ግድግዳ ላይ አብርቼ አወረድኩት። እነዚህን ካልዘነጋችሁ ሌላው ቀላል ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ባዶዋን 392 የነበረው 412 ሆኗል። እነዚያኑ አራት ልጆችና ያንኑ ዕቃ ጭነን ስንለካ 344 የነበረው 372 ሆነ። ባዶዋን የተነሳችው 20 ሚሊሜትር ነው፣ ተጭና ግን 28 አተረፈች፤ ሞላው ስለጠነከረ የምትሰምጠው ከ48 ወደ 40 ወርዷል። ማሰሪያዋም ከስፖንጁ ሁለት ጣት ርቃ ቆመች።

ያጣሁትንም ልንገራችሁ። ብቻዬን ስሄድ ከኋላ ትንሽ ደረቅ ብላለች፤ የሰፈሬ ኮብልስቶን ላይ ይታወቃል። ኤሌክትሪክም ትንሽ ጨምራ ትበላለች። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በ100 ፍጥነት ደርሶ መልስ ስለካ በመቶ ኪሎ ሜትር 16.1 ኪሎ ዋት ሰዓት የነበረው 16.8 ሆኗል። ደርሶ መልስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል በመሄጃው ብቻ የለካ ሰው ራሱን ያታልላል።

የሆድ መከላከያ ብረት ልግጠም ብዬም ነበር። አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከአርባ የሆነ፣ ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ብቻውን 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ግማሽ ሰው ማለት ነው፣ የገዛሁትን ከፍታ መልሶ ይወስድብኛል። በአሉሚኒየም 14 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እሱንም ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ ብቻ፣ ባትሪው ላይ አንድም ቀዳዳ ሳይበሳ የሚያስር ሰው እስካገኝ ትቼዋለሁ።

በ2018 መስቀል በዚያው መንገድ ሄድን። በርሜል አልጫንኩም፣ አንዱ ወንድሜ በአውቶቡስ መጣ። ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ስንደርስ ለጥንቃቄ ሁሉም እንዲወርዱ ለመንኳቸው። ባለቤቴና ወንድሜ ወረዱ። አክስቴ ግን «ይህን ሁሉ ብር አውጥተህ ካስወረድከኝ ምን ሠራህ?» ብላ ከወንበሯ አልነቃነቅም አለች። እሷን ይዤ አለፍኩ። ከሥር ምንም አልተሰማም።

ጠዋት ጠዋት ሲበርድ ከፊት በግራ በኩል «ሲጥ ሲጥ» የምትል ድምፅ አለች፤ ጋሼ እስካሁን ምንጯን አላገኙም፣ ላገኛት ነው እያሉ ነው። ባለፈው ሳምንት ለዚሁ ስሄድ የጋራዣቸው የብረት በር በነፋስ እንዳይዘጋ ሥሩ የተደገፈበትን ነገር አየሁ። የእኔ ማንሻ ቀለበቶች ናቸው፣ አራቱም ተደራርበው።